ሳይክሎዴክስትሪንና ሰርፋክታንት በውኃ ውስጥ፦ የሚሴል መነሻ ክምችት ስለ ጥምረቱ ጥንካሬ ምን ይናገራል?

አጠቃሎ

ሳይክሎዴክስትሪን ከስታርች የሚገኝ ቀለበታማ የስኳር ሞለኪውል ነው። የቀለበቱ ውጭ ውኃ ወዳድ ሲሆን ውስጡ ግን ውኃ ጠል ለሆኑ ነገሮች የሚመች በመሆኑ፣ የሰርፋክታንትን የሃይድሮካርቦን ጅራት ተቀብሎ ጥምር ይፈጥራል። የዚህን ጥምረት ጥንካሬ ለማወቅ በብዛት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የሚሴል መነሻ ክምችት በሳይክሎዴክስትሪኑ ምክንያት ምን ያህል ከፍ እንደሚል መለካት ነው። ይህ ጽሑፍ ቤታ ሳይክሎዴክስትሪንንና ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌትን በምሳሌነት ወስዶ፣ መለኪያው የሚያሳየውንና የሚሰውረውን ይመረምራል። በቀላል ስሌቶች እንደሚታየው፣ ጥምረቱ ጠንካራ በሆነ ጊዜ የመነሻ ክምችቱ ከፍታ የጥንካሬውን ልክ መለየት ይሳነዋል፤ የአጃቢ አዮኖች ሚና ሲዘነጋ ደግሞ ጠንካራው ጥምረት ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል። በመጨረሻም የጥምረት ቋሚን ለሚለኩ ተመራማሪዎች ሦስት ጥንቃቄዎች ይቀርባሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ ሳይክሎዴክስትሪን፣ ሰርፋክታንት፣ ሚሴል፣ የጥምረት ቋሚ፣ አጃቢ አዮን

1. መግቢያ

የሳይክሎዴክስትሪን ታሪክ የሚጀምረው ፈረንሳዊው ኬሚስት ቪልዬ እ.ኤ.አ. በ1891 በባክቴሪያ ከተብላላ ስታርች ውስጥ ያልተለመደ ክሪስታል ማግኘቱን ባሳወቀበት ጊዜ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦስትሪያዊው ሻርዲንገር እነዚህን ውህዶች ለይቶ አጠና፤ በ1930ዎቹ ደግሞ የጀርመናዊው ፍሮይደንበርግ ቡድን ሞለኪውሎቹ የግሉኮስ ቀለበቶች መሆናቸውን አመለከተ። ከዚያ ወዲህ ሳይክሎዴክስትሪኖች በመድኃኒት ቅመማ፣ በምግብ፣ በመዋቢያ ምርቶችና በፕሮቲን ጥናት ውስጥ ሰፊ ቦታ አግኝተዋል።

በእነዚህ ሁሉ መስኮች ሳይክሎዴክስትሪን ከሰርፋክታንት ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ መገናኘቱ አይቀሬ ነው። ሰርፋክታንት በአንድ ጫፉ ውኃ ወዳድ ራስ፣ በሌላው ጫፉ ውኃ ጠል ጅራት ያለው፣ የውኃን የገጽ ውጥረት የሚቀንስ ውህድ ነው። ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት የሚሠሩት በዚህ ባሕርይ ነው። ክምችቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰባሰባሉ፤ ስብስቡ ሚሴል፣ ስብስቡ የሚጀምርበት ደረጃም የሚሴል መነሻ ክምችት ይባላል። ለሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ይህ ደረጃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በንጹሕ ውኃ 8.2 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሚሴል በአማካይ ስልሳ ያህል ሞለኪውሎችን ይይዛል።

ሳይክሎዴክስትሪንና ሰርፋክታንት በውኃ ውስጥ እንደሚጣመሩ የሚያከራክር አይደለም። አከራካሪው የጥምረቱ ጥንካሬ ነው። ለቤታ ሳይክሎዴክስትሪንና ለዶዴሲል ሰልፌት በተለያዩ ጊዜያት የታተሙት የጥምረት ቋሚዎች ከጥቂት መቶ ሊትር በሞል ተነሥተው ከ20,000 ሊትር በሞል በላይ ይደርሳሉ። የ300 እና የ20,000 ልዩነት በነጻ ኃይል ሲሰላ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ10 ኪሎጁል በሞል በላይ ነው። አንድ የሚቲሊን አባል ከውኃ ወደ ዘይታማ አካባቢ ሲሸጋገር የሚገኘው ነጻ ኃይል 3 ኪሎጁል በሞል ገደማ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ልዩነቱ የሰንሰለቱ ሦስት ካርቦኖች ወደ ቀለበቱ መግባት ወይም አለመግባት ያህል ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት በመለኪያ መሣሪያ ጥራት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ምክንያቱን መለኪያው በሚተረጎምበት መንገድ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል።

2. የቀለበቱ ቅርጽ

በሰፊው የሚታወቁት ሳይክሎዴክስትሪኖች ሦስት ናቸው፤ አልፋ፣ ቤታና ጋማ። እንደ ቅደም ተከተላቸው 6፣ 7 እና 8 የግሉኮስ አባላት ያሏቸው ሲሆን፣ አባላቱ የአንዱ ካርቦን 1 ከሌላው ካርቦን 4 ጋር በኦክስጅን ድልድይ እየተያያዘ ቀለበት ይሠራሉ። ቀለበቱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ታችና ላይ ክፍት የሆነ፣ አንዱ አፉ ጠበብ ሌላው ሰፋ ያለ ባልዲ ይመስላል። በጠባቡ አፍ ዙሪያ በካርቦን 6 ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ይገኛሉ፤ በሰፊው አፍ ዙሪያ ደግሞ በካርቦን 2 እና 3 ላይ ያሉት ተደርድረዋል። ውስጡን የሚሸፍኑት በካርቦን 3 እና 5 ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖችና የድልድዮቹ ኦክስጅኖች በመሆናቸው፣ ክፍተቱ ከአካባቢው ውኃ ይልቅ ለሃይድሮካርቦን ይመቻል።

የሦስቱም ቁመት ተመሳሳይ ሲሆን 0.79 ናኖሜትር ገደማ ነው። የሚለያዩት በክፍተታቸው ስፋት ነው፤ ለአልፋ 0.5፣ ለቤታ 0.6፣ ለጋማ 0.8 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። በውኃ የመሟሟት አቅማቸው ግን ከቀለበቱ ስፋት ጋር አብሮ አያድግም። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በ100 ሚሊሊትር ውኃ ውስጥ አልፋ 14.5 ግራም፣ ጋማ 23.2 ግራም ሲሟሟ፣ ቤታ የሚሟሟው 1.85 ግራም ብቻ ነው። በቤታ ቀለበት ሰፊ አፍ ላይ ያሉት ሃይድሮክሲሎች እርስ በርሳቸው በሃይድሮጅን ትስስር እንደ መቀነት ስለሚያያዙ ከውኃ ጋር የሚኖራቸው ቁርኝት ይላላል። ይህ ለሙከራ ንድፍ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ የቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ሙሙት ከ16 ሚሊሞል በሊትር ብዙም ሊያልፍ ስለማይችል፣ ተመራማሪው የሚንቀሳቀስበት የክምችት ክልል ጠባብ ነው።

3. ሰንሰለቱ ወደ ቀለበቱ ሲገባ

በባዶው ቀለበት ውስጥ የሚገኙት የውኃ ሞለኪውሎች በጠባብ ቦታ ስለተያዙ የሃይድሮጅን ትስስራቸው እንደ ውጭው ውኃ የተሟላ አይደለም። በሌላ በኩል የሰርፋክታንቱ ጅራት በውኃ መከበቡ የማይመች ነው። ጅራቱ ወደ ቀለበቱ ሲገባ የታፈነው ውኃ ወደ ብዙኃኑ ይመለሳል፤ ጅራቱም ከውኃ ጋር ያለው ግንኙነት ይቀንሳል። በዚህ ላይ በሰንሰለቱና በቀለበቱ ግድግዳ መካከል ያለው የቫን ደር ዋልስ መሳሳብ ይጨመራል። ስለዚህ የጥምረቱ ጥንካሬ የሚወሰነው ሰንሰለቱ ውኃን በመጥላቱ ብቻ ሳይሆን ከክፍተቱ ጋር በልክ በመግጠሙም ጭምር ነው። ቀጥ ያለ የሃይድሮካርቦን ሰንሰለት በአልፋ ውስጥ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ በቤታ ውስጥ ትንሽ ይላላል፤ ጋማ ደግሞ ሁለት ሰንሰለቶችን ጎን ለጎን ለማስተናገድ የሚበቃ ስፋት አለው። ወፍራም የሆነው የፍሎሮካርቦን ሰንሰለት ለአልፋ ይጠበዋል፤ ለቤታ ግን እጅግ ይስማማል።

የሰንሰለቱ ርዝመት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በታንፎርድ ቀመር መሠረት ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ሰንሰለት ርዝመት በናኖሜትር 0.154 ሲደመር 0.1265 በካርቦኖቹ ቁጥር ተባዝቶ ነው። አሥራ ሁለት ካርቦን ያለው የዶዴሲል ሰንሰለት 1.67 ናኖሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንድ ቀለበት 0.79 ናኖሜትር ቁመት ስላለው የሚሸፍነው ስድስት ያህል ካርቦኖችን ነው፤ ግማሹ ሰንሰለት በውኃ ውስጥ እንደተጋለጠ ይቀራል። ሁለት ቀለበቶች ቢደረደሩ ግን በድምሩ 1.58 ናኖሜትር ስለሚሆኑ ሰንሰለቱን ከሞላ ጎደል ያለብሱታል። ስለዚህ ከአንድ ለአንድ ጥምር በተጨማሪ ሁለት ቀለበት ለአንድ ሰርፋክታንት የሆነ ጥምር ሊኖር እንደሚችል ከጂኦሜትሪው ብቻ መገመት ይቻላል። ግምቱን የሚደግፍ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶች፣ ሁለት ቤታ ቀለበቶች የለበሰው ዶዴሲል ሰልፌት ክምችቱ ከፍ ባለ ጊዜ ራሱ ተሰባስቦ ድርብርብ ንጣፎችን፣ ጥቃቅን ቱቦዎችንና ከረጢቶችን እንደሚሠራ አሳይተዋል።

4. የሚሴል መነሻ ክምችት ከፍ ማለት

በቀለበት የተያዘ ሰርፋክታንት ጅራቱ ስለተሸፈነ ወደ ሚሴል የሚገፋው ምክንያት የለም። ሚሴል የሚጀምረው ነጻው ሰርፋክታንት የመነሻ ደረጃውን ሲነካ ነው። ስለዚህ ሳይክሎዴክስትሪን በተጨመረበት ሙሙት ውስጥ ሚሴል ከመታየቱ በፊት ብዙ ሰርፋክታንት ወደ ቀለበቶቹ ይገባል፤ የሚለካው የመነሻ ክምችትም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ጥምረቱ አንድ ለአንድ ብቻ ነው ቢባል የጥምረት ቋሚው እንደሚከተለው ይጻፋል፤

ቋ = [ጥምር] ÷ ([ባዶ ቀለበት] × [ነጻ ሰርፋክታንት])

በንጹሕ ውኃ ያለው የመነሻ ክምችት መ₀፣ የሳይክሎዴክስትሪኑ ጠቅላላ ክምችት ቀ፣ ከፍ ያለው የመነሻ ክምችት መ ቢባሉ፣ ሚሴል በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ነጻው ሰርፋክታንት ከመ₀ ጋር እኩል ነው በሚል ግምት ቀጣዩ ግንኙነት ይገኛል፤

መ = መ₀ + ቀ × (ቋ × መ₀) ÷ (1 + ቋ × መ₀)

ቀለል ያለና የሚያጓጓ ቀመር ነው። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ብቻ ያለው ቤተ ሙከራ እንኳ መ በቀ ላይ ያለውን ግራፍ ሠርቶ ከመስመሩ ተዳፋት የጥምረት ቋሚውን ሊያወጣ ይችላል። ቀመሩ ግን በሁለት ቦታ ያታልላል።

የመጀመሪያው ማታለያ የስሜታዊነት ማነስ ነው። ቋ × መ₀ ከ1 እጅግ ሲበልጥ ክፍልፋዩ ወደ 1 ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ቋ ቢጨምርም ባይጨምርም መ ከመ₀ እና ከቀ ድምር አያልፍም። ቀጥሎ ያለው ሠንጠረዥ ቀ 5 ሚሊሞል በሊትር ሆኖ በሁለት ሁኔታዎች የተሰላ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ውኃ ነው። ሁለተኛው 0.1 ሞል በሊትር የገበታ ጨው ያለበት ውኃ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የዶዴሲል ሰልፌት የሚሴል መነሻ ክምችት ወደ 1.5 ሚሊሞል በሊትር ዝቅ ይላል። ለንጽጽር ሲባል ቋ በሁለቱም ሁኔታዎች አንድ ዓይነት እንደሆነ ተወስዷል።

ሠንጠረዥ 1፦ የሚጠበቀው የሚሴል መነሻ ክምችት (በሚሊሞል በሊትር)

| ቋ (ሊትር በሞል) | በንጹሕ ውኃ | በ0.1 ሞል በሊትር ጨው |
|---|---|---|
| 300 | 11.75 | 3.05 |
| 5,000 | 13.08 | 5.91 |
| 20,000 | 13.17 | 6.34 |

በንጹሕ ውኃ ውስጥ ቋ ከ5,000 ወደ 20,000 በአራት እጥፍ ሲያድግ የመነሻ ክምችቱ የሚለወጠው በ0.09 ሚሊሞል በሊትር፣ ማለትም ከመቶ አንድ በማይሞላ መጠን ነው። ሚሴል የሚጀምረው በአንድ ስለታም ነጥብ ሳይሆን በጠባብ ክልል ውስጥ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ልዩነት ከግራፍ ላይ መለየት አይቻልም። በጨዋማው ውኃ ግን ያው ልዩነት ከመቶ ሰባት ያህል ስለሚሆን ለመለኪያ ይበቃል። የመነሻ ክምችቱ ዝቅ ባለ መጠን ዘዴው የበለጠ ያያል።

5. አንድ ተዳፋት፣ ሦስት ትርጓሜ

ሁለተኛው ማታለያ ከመጀመሪያው ይከፋል። የመጀመሪያው አንባቢውን እርግጠኝነት ያሳጣዋል፤ ሁለተኛው ግን እርግጠኛ ሆኖ እንዲሳሳት ያደርገዋል። ከላይ የቀረበው ቀመር ነጻው ሰርፋክታንት ሁልጊዜ በመ₀ ላይ እንደሚቆም ይገምታል። ይህ አዮናዊ ላልሆኑ ሰርፋክታንቶች ተገቢ ግምት ነው። ዶዴሲል ሰልፌት ግን አሉታዊ ሙል ያለው አዮን ሲሆን ሶዲየም አጃቢ አዮኑ ነው። ቀለበቱ ዶዴሲል ሰልፌቱን ሲይዝ ሶዲየሙን አይይዝም፤ ሶዲየሙ በሙሙቱ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ሶዲየም የሚሠራው የተጨመረ ጨው የሚሠራውን ነው፤ በሚሴሉ ገጽ ላይ ያሉትን አሉታዊ ራሶች ግፊት ያቀልላል፤ ሚሴልም በዝቅተኛ ነጻ ክምችት እንዲጀምር ያደርጋል።

የዚህን መጠን መገመት ይቻላል። ለዶዴሲል ሰልፌት የመነሻ ክምችቱ ሎጋሪዝም ከሶዲየሙ ክምችት ሎጋሪዝም ጋር በቀጥታ መስመር የሚወርድ ሲሆን ተዳፋቱ ከ0.67 ብዙም አይርቅም። አሁን 5 ሚሊሞል በሊትር ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ሙሉ በሙሉ በዶዴሲል ሰልፌት ተይዟል እንበል፤ ማለትም ጥምረቱ እጅግ ጠንካራ ነው። ሚሴል ሲጀምር በሙሙቱ ውስጥ ያለው ሶዲየም የነጻውና የተጣመረው ሰርፋክታንት ድምር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ነጻው ሰርፋክታንት በ8.2 ፈንታ በ6.5 ሚሊሞል በሊትር ላይ ይቆማል። የሚለካው የመነሻ ክምችት ስለዚህ 13.2 ሳይሆን 11.5 ይሆናል። ይህን ቁጥር የተቀበለ ተመራማሪ በቀላሉ ቀመር ውስጥ ቢያስገባው የሚያገኘው የጥምረት ቋሚ 240 ሊትር በሞል ገደማ ነው። በስሌቱ መነሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ጠንካራ የነበረው ጥምረት በመጨረሻው ገጽ ላይ ደካማ ሆኖ ይወጣል።

ይህ በመጻሕፍት ላይ የሚገኙት ዝቅተኛ ቁጥሮች ሁሉ ከዚህ ምንጭ ብቻ መጡ አያሰኝም። የሚያስገነዝበው ግን ከ1 ያነሰ ተዳፋት ሲታይ ቢያንስ ሦስት ትርጓሜ እንዳለው ነው። አንደኛ፣ ጥምረቱ በእውነት ደካማ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለት ቀለበቶች አንድ ሰርፋክታንት እየያዙ ሊሆን ይችላል፤ ያ በተሟላ ሁኔታ ቢከሰት ተዳፋቱ 0.5 ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጥምረቱ ጠንካራ ሆኖ የአጃቢ አዮኑ መብዛት ነጻውን ክምችት አውርዶት ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር ብቻውን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

ሁለተኛውን ትርጓሜ ለመመዘን የጥምረቱ ምጥጥን ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል የመጀመሪያው ቀለበት ቋሚ 20,000፣ የሁለተኛው 1,000 ሊትር በሞል ነው ተብሎ ይወሰድ። 5 ሚሊሞል በሊትር ቀለበትና 1 ሚሊሞል በሊትር ሰርፋክታንት በሚገኝበት ሙሙት ውስጥ ባዶ ቀለበት ስለሚተርፍ፣ ከሰርፋክታንቱ ከመቶ 76 ያህሉ ሁለት ቀለበት ይለብሳል። በዚያው ሙሙት ላይ ሰርፋክታንት እየተጨመረ ነጻው ክምችት 8.2 ሚሊሞል በሊትር ሲደርስ ግን ባዶ ቀለበት ስለሚጠፋ፣ ባለ ሁለት ቀለበቱ ጥምር የባለ አንዱን ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በዝቅተኛ የሰርፋክታንት ክምችት የሚሠራ ዘዴና በሚሴል መነሻ ላይ የሚሠራ ዘዴ በአንድ ሙሙት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥምሮችን ይለካሉ። ሁለቱም ውጤታቸውን በአንድ ስም፣ «የጥምረት ቋሚ» ብለው ቢያትሙት፣ ቁጥሮቹ አለመስማማታቸው ሊያስደንቅ አይገባም።

6. እያንዳንዱ ዘዴ የሚያየው

የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ዘዴ የሚመሠረተው በአዮኖች ፍጥነት ላይ ነው። ቀለበት የለበሰ ዶዴሲል ሰልፌት ከባዶው ይልቅ ትልቅና ዘገምተኛ በመሆኑ የመስመሩ ተዳፋት ይቀንሳል። ዘዴው ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ጨው ባለበት ሙሙት ውስጥ የጨው አዮኖች ድምፁን ስለሚውጡት፣ ከላይ የተጠቀሰውን የጨው መፍትሔ ከእርሱ ጋር አጣምሮ መጠቀም ያስቸግራል።

የገጽ ውጥረት መለኪያ ነጻውን ሰርፋክታንት ያያል። ጥምሩ ጅራቱ ስለተሸፈነ ወደ ውኃው ገጽ የሚስበው ነገር ትንሽ ነው፤ ቀለበት ሲጨመር የገጽ ውጥረቱ ወደ ንጹሕ ውኃ ልክ፣ ማለትም ወደ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ይመለሳል። ዘዴው በጨውም በንጹሕ ውኃም ይሠራል። ጠላቱ ቆሻሻ ነው። ዶዴሲል ሰልፌት በውኃ ውስጥ ሲቆይ በከፊል ተፈትቶ ዶዴካኖል ይወጣዋል፤ ይህ አልኮል በጥቂቱም ቢሆን የውኃውን ገጽ ይወርራል፤ ራሱም ወደ ቀለበቱ ይገባል። በመነሻው ክምችት አካባቢ የገጽ ውጥረቱ ግራፍ ጎድጎድ ብሎ ከታየ ሰርፋክታንቱ ዳግም መጣራት ያስፈልገዋል።

የኑክሌር መግነጢሳዊ ድምፀት ጥምረቱን ከውስጥ ያሳያል። ሰንሰለቱ ሲገባ በክፍተቱ ውስጥ የሚገኙት የሃይድሮጅን 3 እና የሃይድሮጅን 5 ምልክቶች ይፈናቀላሉ፤ ከውጭ ያሉት ሃይድሮጅኖች ግን ብዙም አይነቃነቁም። ሃይድሮጅን 3 በሰፊው አፍ፣ ሃይድሮጅን 5 በጠባቡ አፍ በኩል ስለሚገኙ፣ የሁለቱ መፈናቀል ሲነጻጸር ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደዘለቀ ይገመታል። ምጥጥኑን ለማወቅ በልማድ የሚሠራው የጆብ ግራፍ ግን ሁለት ዓይነት ጥምሮች አብረው በሚኖሩበት ሁኔታ የሚያሳስት በመሆኑ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

የሙቀት መጠን ታይትሬሽን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ቋሚውን፣ ምጥጥኑንና ኢንታልፒውን በአንድ ሙከራ በማውጣቱ ነው። ለዘዴው ብቃት መለኪያ የሚሆነው የቋሚው በተቀባዩ ክምችት ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ በጥቂት አሥሮችና በጥቂት መቶዎች መካከል ሲሆን ግራፉ በሚገባ ይነበባል። 1 ሚሊሞል በሊትር ቀለበትና 20,000 የሆነ ቋሚ ቢኖሩ ብዜቱ 20 ስለሚሆን የሙከራው ሁኔታ ምቹ ነው። ከመርፌው የሚወርደው ሰርፋክታንት ከሚሴል መነሻ ክምችት በታች መሆን ይኖርበታል፤ አለዚያ የሚሴሎቹ መፍረስ የሚያወጣው ወይም የሚወስደው ሙቀት ለብቻው ተለክቶ መቀነስ አለበት።

7. ከቤተ ሙከራ ውጭ ያለው ፋይዳ

የጥምረት ቋሚው ልክነት የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። የዓይን ጠብታዎችን እንመልከት። በብዙ ጠብታዎች ውስጥ ጀርሞችን ለመከላከል የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ አዎንታዊ ሙል ያለው ሰርፋክታንት ነው። በውኃ የማይሟሟን መድኃኒት ለማሟሟት በዚያው ጠብታ ውስጥ ሳይክሎዴክስትሪን ሲጨመር፣ ቀለበቱ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን መከላከያውንም ይይዛል፤ የተያዘው መከላከያም ጀርም የመግደል ኃይሉ ይዳከማል። 10 ሚሊሞል በሊትር ባዶ ቀለበት ባለበት ሙሙት ውስጥ ቋሚው 1,000 ሊትር በሞል ቢሆን ከአሥራ አንድ የመከላከያ ሞለኪውሎች አንዱ ነጻ ይቀራል። ቋሚው 10,000 ቢሆን ግን ነጻ የሚቀረው ከመቶ አንዱ ብቻ ነው። በተሳሳተ ቋሚ የተቀመመ ጠብታ በወረቀት ላይ የተጠበቀ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ግን ለጀርም የተጋለጠ ሊሆን ይችላል።

በፕሮቲን ጥናት ደግሞ ያው ጥምረት መሣሪያ ይሆናል። ሮዜማና ጌልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሥራ ቅርጹን ያጣ ፕሮቲን በመጀመሪያ በሰርፋክታንት ተይዞ ከመርጋት እንዲድን፣ ቀጥሎም ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ተጨምሮ ሰርፋክታንቱን ሲነጥቀው ፕሮቲኑ ወደ ተፈጥሯዊ ቅርጹ እንዲመለስ አድርገዋል። በዚህ ሂደት የሚጨመረው የቀለበት መጠን የሚወሰነው በጥምረቱ ጥንካሬና በምጥጥኑ ነው፤ አንድ ሰርፋክታንት ሁለት ቀለበት የሚወስድ ከሆነ በአንድ ለአንድ ሒሳብ የተለካው መጠን አይበቃም።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ቅርብ የሆነ የጥናት ቦታም አለ። እንዶድ ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረው በውስጡ ባሉት ሳፖኒኖች ምክንያት ነው፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራም የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ለዓለም አሳውቋል። ሳፖኒን በአንድ ወገኑ የስኳር ሰንሰለት፣ በሌላው ወገኑ ባለ አምስት ቀለበት የካርቦን አካል ያለው ተፈጥሯዊ ሰርፋክታንት ነው። ይህ አካል እንደ ዶዴሲል ቀጭን ሰንሰለት ስላልሆነ የአልፋ ክፍተት እንደሚጠበው፣ ሰፊዎቹ ቀለበቶች ግን የተሻለ ዕድል እንዳላቸው ከቅርጹ መገመት ይቻላል። አሲዳማ ቡድኑ ሙል በማይኖረው ፒኤች ሲጠና ደግሞ የአጃቢ አዮኑ ችግር ስለሚወገድ፣ ከላይ የቀረበው ቀላል ቀመር በተሻለ እምነት ሊሠራበት ይችላል።

8. ማጠቃለያ

የሚሴል መነሻ ክምችት ከፍ ማለት ጥምረት መኖሩን በማያሻማ ሁኔታ ያረጋግጣል። የጥምረቱን ጥንካሬ ግን የሚናገረው ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው። ከቀረቡት ስሌቶች ሦስት ጥንቃቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቋሚው በንጹሕ ውኃ ካለው የመነሻ ክምችት ጋር ሲባዛ ከአሥር በላይ ከሆነ፣ ከመነሻው ከፍታ የሚገኘው ቁጥር እንደ ዝቅተኛ ወሰን እንጂ እንደ መለኪያ መወሰድ የለበትም፤ የመነሻ ክምችቱን በጨው ማውረድ ወይም በዝቅተኛ ክምችት ወደሚሠራ ዘዴ መዞር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለአዮናዊ ሰርፋክታንቶች የአጃቢ አዮኑ ክምችት በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ፣ ወይም ለውጡን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የታተመ ቋሚ የተለካበትን የቀለበትና የሰርፋክታንት ክምችት፣ ጨውና ሙቀት እንዲሁም የተወሰደውን ምጥጥን አብሮ መያዝ ይኖርበታል።

በእነዚህ ጥንቃቄዎች ከታዩ፣ ከጥቂት መቶ እስከ ከ20,000 በላይ የተበተኑት ቁጥሮች ከፊላቸው እርስ በርስ የሚቃረኑ ምስክሮች መሆናቸው ይቀራል፤ ስለ ተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች መሆናቸው ይገለጣል። ቀጣዩ ሥራ ጥያቄውን ከመልሱ ጋር አያይዞ መመዝገብ ነው።